ከውጭ ቆሜ ያስቀደስኩባት እሑድ

መጀመሪያ የጠፋብኝ የዕጣኑ ሽታ ነው። እሑድ ጠዋት በቅዳሴ ላይ ጽናውን ይዤ እያጠንኩ ነበር። ጢሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ አፍንጫዬ ግን ምንም አይነግረኝም። ዕጣኑ ያረጀ መስሎኝ ደጋግሜ ጨመርኩ። ቤተ መቅደሱ በጢስ ታፈነ፤ ዲያቆኑ ሲያስል በዓይኔ ተቆጣሁት። ከሰዓት በኋላ ሳሉ ወደ እኔ ዞረ።

ደብረ ኤልያስ አካባቢ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን የማገለግል ቄስ ነኝ። ይህን የምጽፈው ኮቪድ ሳንባዬን ምን እንዳደረገው ለመናገር ብቻ አይደለም፤ አንዲት ቃል ሳልናገር ሰዎችን እንዴት እንዳሳሳትኩም ልናዘዝ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን ትዕግሥት ክትባቱን ይዛ ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ሦስት ጊዜ መጥታ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ "ሰሞነኛ ነኝ" አልኳት። ሰሞነኛ የሳምንቱ ቅዳሴ ተራ የደረሰው ካህን ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ከሰውነቱ ደም የወጣ ካህን በዚያ ቀን መቅደስ አይገባም፤ መርፌ ጠብታም ብትሆን ደም ማውጣቷ አይቀርም። ምክንያቴ ሐሰት አልነበረም። ግን ሰሞን ያልቃል፤ በሳምንቱ ክንዴን ልሰጣት እችል ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ መርፌ እፈራለሁ። ጢሙ የሸበተ ቄስ መርፌ ይፈራል ብላችሁ ሳቁ፤ እኔም አሁን እስቃለሁ።

የነፍስ ልጆቼ ግን ይህን አያውቁም። የሚያዩት አባታቸው አለመከተባቸውን ነው። አንዱ "አባ ያልነኩት ነገር ደግ አይሆንም" ይላል፤ ሌላው "መጽሐፍ ላይ ያዩት ነገር ቢኖር ነው" ይላል። ከሁሉ የባሱት ጎረቤቴ አያ ሞላ ነበሩ። ሰባ ዓመት የተጠጉ፣ አስም ያለባቸው፣ ዳገት ሲወጡ ደረታቸው የሚያፏጭ ሰው ናቸው። ለትዕግሥት "አባ ሲከተቡ እከተባለሁ" ብለው ቁርጡን ነግረዋታል። እስከዚያው ጠዋትና ማታ ነጭ ሽንኩርት ያኝካሉ። ይህን ሁሉ እየሰማሁ ዝም አልኩ። መጽሐፍ ላይ ምንም እንዳላየሁ መናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ መጣ። በስድስተኛው ቀን ከአልጋ እስከ በር መሄድ አቃተኝ። ባለቤቴ ይታይሽ መኪና ለምና ደብረ ማርቆስ አደረሰችኝ። ጣቴን በትንሽ መቆንጠጫ ያዙት። ሐኪሙ ቁጥሩን አየ።

"ኦክስጅንዎ በጣም ወርዷል" አለኝ። "የሳንባ ምች አስከትሎብዎታል።"

አፍና አፍንጫዬን በኦክስጅን ጭምብል ሸፈኑት። በሆዴ አስተኙኝ። መተንፈስ ሥራ ሆነ። አንድ። ደግሞ አንድ። አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርኩ። መሐል ላይ ትንፋሼ አለቀ። እንደገና ጀመርኩ። አልጨረስኩትም። ስንቱን አጽናንቼ የሸኘሁ ሰውዬ ሞትን ፈራሁ። አለቀስኩ።

በዘጠነኛው ቀን ግን ጸሎቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጣሁት፤ ለካ ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጠኝ ኖሯል፣ "አሜን" ብሎ ገባ። ከዚያ ወዲህ ኦክስጅኑን ትንሽ በትንሽ እየቀነሱልኝ፣ እኔም ከአልጋው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ኮሪደሩ እየተራመድኩ፣ ለምሳ የመጣልኝን ሁሉ ጣዕሙን ሳላውቀው ጠራርጌ እየበላሁ ከረምኩ። አንዲት መርፌ ሸሽቼ በዚያ አልጋ ላይ ስንቴ እንደተወጋሁ ይታይሽ ስትነግረኝ ሳቄ አሳለኝ።

ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ "ክትባቱ በሽታውን ጨርሶ አያስቀርም" አለኝ፤ "እንዲህ ሆኖ ከመተኛት ግን ብዙ ሰው ያድናል። ሙሉ በሙሉ ሲያገግሙ ይከተቡ።"

ቤቴ ገብቼ ጠዋት ጠዋት ደጅ ላይ ፀሐይ ስሞቅ፣ አንድ ቀን አያ ሞላ ሊጠይቁኝ መጡና ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ ከእሳቸው ወደ እኔ ይነፍስ ነበር። ድንገት አፍንጫዬ ተከፈተ፤ ነጭ ሽንኩርት!

"አያ ሞላ፣ ሸተቱኝ!" ብዬ ጮህኩ።

እሳቸው ተቀየሙ፣ ይታይሽ እልል አለች፣ እኔ እንባዬ መጣ። ሸክማችን ሁሉ የወረደ መሰለኝ። ነገሩ ሲገባቸው እሳቸውም ሳቁና "አዩ አባ? ያለ ክትባት ዳኑ። እንግዲህ እኛስ ምን እንሆናለን?" አሉ።

ደስታዬ ቀዝቀዝ አለ። እኔ ያመለጥኩበትን ሳምንት ያ የሚያፏጭ ደረት እንደማይችለው አውቃለሁ። ሐኪሙ ያለውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

"ኧረ አባ፣ እርስዎ መቼ ተከተቡና!" አሉኝ።

ካገገምኩ በኋላ ትዕግሥትን "ሰሞነኛ በሆንኩበት እሑድ፣ ከቅዳሴ በፊት ነይልኝ" አልኳት። ተራዬን እንዲይዝልኝ ሌላ ቄስ ለመንኩ። በማለዳ፣ ሰዉ ወደ ግቢ ሲገባ፣ በሩ ላይ ክንዴን ሰጠኋት። ዓይኔን ጨፍኜ "ጀመርሽ?" ስላት "ጨርሻለሁ፣ አባ" አለች። ከዚያ መቅደስ መግባቴን ትቼ፣ ዲያቆን ከሆንኩ ወዲህ ቆሜበት በማላውቀው ቦታ፣ ግቢው ጥድ ሥር ከምእመናን ጋር ቆምኩ።

ሰሞነኛ ቄስ ከውጭ ሲቆም ግቢው ሁሉ ተንሾካሾከ። አያ ሞላ ተጠግተው "አባ፣ ምነው? ከማን ተጣሉ?" አሉኝ።

"ከማንም። ተከትቤ ነው፤ ደም ስለወጣኝ ዛሬ አልገባም።"

"መጽሐፍ ላይ ያዩትስ ነገር?"

"ምንም አላየሁም፣ አያ ሞላ። መርፌ ፈርቼ ነው።"

ደረታቸው እስኪያፏጭ ሳቁ። ወሬው ቅዳሴው ሳያልቅ አጥሩን ዞረ። ዲያቆኑ "እትዉ በሰላም" ብሎ ሲያሰናብት አብዛኛው ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ትዕግሥት ፊት ተሰለፈ። አያ ሞላ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከፊት ቆመዋል።

"ነጭ ሽንኩርቱንስ ልተወው?" ብለው ጠየቋት።

"ኧረ ለምን? ከወጥ ጋር ይብሉት" አለቻቸው።

በክረምቱ ኮቪድ አያ ሞላንም ያዛቸው። ጥቂት ቀን አስሏቸው፣ ሆስፒታል ሳይገቡ ተነሱ።

ለእግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰው። ለሐኪሜ፣ ላገላበጡኝ ነርሶች፣ ለይታይሽ፣ ሦስት ጊዜ ተመልሳ በአራተኛው ላልተቀየመችኝ ለትዕግሥትም እንዲሁ። ትንፋሽ ካጠራችሁ እንደ እኔ ስድስት ቀን አትጠብቁ፤ ሂዱ። ክትባቱ ካጠራጠራችሁ ባለሙያዋን ጠይቁ እንጂ የኔ ቢጤውን ሰው ክንድ እያያችሁ አትቆዩ። ሰው እንደ አርአያ የሚያያችሁ ከሆናችሁ ደግሞ፣ ምክንያታችሁ ፍርሃት ከሆነ ፍርሃት ነው በሉ፤ እኔ ብዬው አልሞትኩም።

አሁን በየሰሞኔ እያጠንኩ በምእመናን መሐል ሳልፍ ዕጣኑ ደህና አድርጎ ይሸተኛል። አያ ሞላ ጋ ስደርስ ግን ነጭ ሽንኩርቱ ያሸንፈዋል። ተመስገን ብዬ አልፋለሁ።