የምዕራቡ ጉድጓድ ስሌት

ቾምባ ካሶንዴ በመዳብ ማዕድኑ የዕቅድ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ሥራው አንድ ነው፤ ገና ያልተጀመረ ፕሮጀክት ወደፊት የሚያስገባውን ገንዘብ ወደ ዛሬ መልሶ፣ የሚወጣበትን ቀንሶ፣ የተጣራ የአሁን ዋጋው ስንት እንደሆነ ማስላት። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚገባ መቶ ክዋቻ ዛሬ ኪስ ውስጥ ያለውን መቶ ክዋቻ አያህልም፤ ኩባንያው በየዓመቱ አሥራ ስምንት በመቶ እየቀነሰ ነው የሚያየው። ቾምባ ይህን በኤክሴል ሲሠራ ኖሮ ዓይኑ ደክሟል። ወገቡም።

በዚያ ዓመት ሁለት ጉድጓዶች ውኃ ገባባቸው፤ ምሥራቁና ምዕራቡ። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንዱ ፓምፕ ብቻ ነበር፤ ያልተመረጠው ይዘጋል። ቾምባ የሚኖረው ከምሥራቁ ሠራተኞች ጋር በአንድ ሰፈር ነው። የሚስቱ ወንድም ሙኩካም ምሥራቁ ጉድጓድ ውስጥ ይሠራል።

ስሌቱ ለምሥራቅ አርባ አንድ ሚሊዮን፣ ለምዕራብ ሠላሳ ሰባት ሚሊዮን ሰጠ። ወሬው ከቢሮ አፈትልኮ ሰፈር ለመግባት ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ቅዳሜ ሙኩካ ዶሮ ይዞ መጣ።

"አማቼ፣ ኮምፒውተሩም ዘመድ ያውቃል ለካ!" አለ ንሺማውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ በእጁ እየጠቀለለ።

"ኮምፒውተር ምን ዘመድ አለው?"

"እንግዲህ አንተ አለኸው። ብላ፣ ብላ፤ ከስተሃል።"

ሰኞ መብራት የሚኖረው ከረፋዱ አራት እስከ ስምንት ሰዓት ነበር። አለቃው ዴሊያ ጄሬ ለማግስቱ ኮሚቴ ሁለቱን ሰንጠረዦች በአንድ ገጽ እንዲያደርጋቸው አዘዘችው። ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው ስህተቱን አየ።

የምሥራቁን ሰንጠረዥ የወረሰው ጡረታ ከወጣ ባልደረባው ነው። እዚያ ላይ ዛሬ የሚከፈለው የፓምፕ መግዣ ከቀመሩ ቅንፍ ውጭ ለብቻው ተቀንሷል። የምዕራቡን ግን ራሱ ቾምባ ነበር የጻፈው፤ መግዣውን ከሌሎቹ ዓመታት ጋር ቅንፍ ውስጥ አስገብቶታል። ኤክሴል ደግሞ ቅንፉ ውስጥ መጀመሪያ ያገኘውን ቁጥር ከዓመት በኋላ እንደሚመጣ አድርጎ ነው የሚወስደው። ስለዚህ የምዕራቡ ሒሳብ በሙሉ ያለ አግባብ አንድ ዓመት ዘግይቶ፣ የአንድ ዓመት ተጨማሪ ቅናሽ ደርሶበታል። ቾምባ አዲስ የሚቀጠሩትን ሁሉ ከዚህ ስህተት ሲያስጠነቅቅ የኖረ ሰው ነው።

መግዣውን ከቅንፉ አወጣው። ምዕራብ አርባ ሦስት ሚሊዮን ከምናምን ሆነ።

ወደ ነበረበት መለሰው። ሠላሳ ሰባት። እንደገና አወጣው። ከዚያ ወረቀትና የኪስ ማስሊያ ይዞ እያንዳንዱን ዓመት በእጁ ሠራ፤ ኮምፒውተሩ ተሳስቶ እንዲሆን ተመኝቶ ነበር። ያው ቁጥር ወጣ። ቀና ሲል ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም፤ ሁሉም ምሳ ወጥተዋል። ሰንጠረዡን ከእርሱ በቀር የሚከፍተው ሰው አልነበረም።

ዴሊያ ከንጎኒ ጎሣ ናት፣ እርሱ ከቤምባ። ንጎኒና ቤምባ ድሮ ስለተዋጉ ዛሬ መሰዳደብ መብታቸው ነው፤ የሚያፍረው የተቆጣው ነው። አለቃና ሠራተኛ ሆነውም ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ሲሰዳደቡ ኖረዋል።

"አይጥ በላዋ፣ አለሽ?" አለ በሩ ላይ ቆሞ። ሌላ አገባብ አልመጣለትም።

"ግባ፣ አንተ ዝንጀሮ በላ። ገጹ አለቀ?"

"የሚበልጠው ምዕራቡ ነው። ተሳስቼ ነበር።"

ሳቀች። "ጠርጥሬ ነበር! ቤምባ ከአሥር በላይ ለመቁጠር ጫማውን ማውለቅ አለበት።"

"እየቀለድኩ አይደለም።"

"እኔስ መቼ ቀለድኩ? አውልቅ!" ብላ ወደ ሻይዋ ዞረች።

ቾምባ በሩን ዘጋና ሳይጋበዝ ተቀመጠ። በእጁ የሠራበትን ወረቀትና አዲሱን ገጽ ፊቷ ዘረጋ።

"ማዳም ጄሬ፣ እባክዎ ይዩት።"

ሳቋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። መነጽሯን አድርጋ መስመር በመስመር ወረደች፤ ሁለት ቦታ ላይ ራሷ ደመረች።

"ሌላ ማን አይቶታል?"

"ማንም።"

"የሚስትህ ወንድም ምሥራቅ አይደል የሚሠራው?"

"እዚያው ነው።"

"ኮሚቴው የሚያየው የመጨረሻውን ቁጥር ነው፣ ቾምባ። ቅንፍ ከፍቶ የሚያይ የለም።"

"አውቃለሁ።"

እስክሪብቶዋን አነሳች።

"ምነው እየቀለድክ በሆነ ኖሮ" አለችና አዲሱን ገጽ ፈረመች።

አመሻሹ ላይ ሙኩካን ከቤቱ አጥር ውጭ አገኘው። ሳያዞር ነገረው፤ ምሥራቁ እንደሚዘጋ፣ ስህተቱ የራሱ እንደነበር፣ ያረመውም ራሱ እንደሆነ።

"ቆይ፣ ሌላ ሰው ደርሶበት ነው?"

"አይ።"

"ይደርስበት ነበር?"

"አይመስለኝም።"

ሙኩካ መሬት መሬት አየ። "አራት መቶ ሰው ነን እኮ፣ አማቼ።"

"ምዕራብ ያሉትም አራት መቶ ናቸው።"

"እነሱን አላውቃቸውም። አንተም አታውቃቸውም።"

"አላውቃቸውም" አለ ቾምባ።

ከቤት ውስጥ የሚስቱ ሳቅ ተሰማ። ጓዳ ሆና ለጎረቤቷ ምሥራቁ እንዴት እንደተረፈ እያወራች ነበር። ሙኩካ ሳቁን ሰምቶ ኮፍያውን አጠለቀ።

"እህቴን አንተው ንገራት" ብሎ ወደ መንገዱ ወጣ።

ቾምባ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ጎረቤቲቱ እስክትወጣ ይጠብቅ ወይስ አብረው ይስሙ፣ ለመወሰን እንኳ አቅም አጣ። ከዚያ በሩ ተከፈተና ሚስቱ "ምነው ውጭ ተቀመጥክ?" አለችው።

"ነይ እስቲ፣ እዚህ ተቀመጪ" አላት።