ማዘርቦርዱ የላይብረሪ፣ ዲስኩ የሪከርድ ክፍል

ኮምፒውተር አልነሣ ብሎዎት ጠጋኝ ዘንድ ወስደው፣ ጠጋኙ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ፎርማት ይደረግ» ብሎዎት ያውቃል? እኔ ለማስተማር ወረታ ከመጣሁ ወዲህ ይህን ቃል ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። ኮምፒውተሩ ቢዘገይ ፎርማት ነው። ፕሪንተሩ ወረቀት ቢጎርስ ፎርማት ነው። ገመዱ በደንብ ያልተሰካ ኮምፒውተር ፎርማት ሊደረግ በባጃጅ ሲጓዝ በዓይኔ አይቻለሁ። ጠበል የሚያጠምቁ አባት እንኳ መጀመሪያ ምን እንዳመመን ይጠይቃሉ።

የማስተምረው የኮምፒውተር ትምህርት ነው። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ተደውሏል እኮ» ካላሉኝ አላቆምም። የትምህርት ቤታችን የሪከርድ ክፍል ኮምፒውተር የሞተ ዕለትም እንደ ሌላው ሰው አዝኜ ነበር፤ ግን የማስረዳው ነገር አገኘሁ።

በከተማችን የሩዝ መፈልፈያዎቹ አብረው ሲነሡ መብራቱ ይደክማል፤ አብረው ሲቆሙ ደግሞ ይፈነጥዛል። ከፈንጠዝያዎቹ በአንዱ ኮምፒውተሩ ጭጭ አለ። ከፈትሁት። ውስጡ በሩዝ ገለባ ብናኝ ተሸፍኗል፤ ማዘርቦርዱ ላይ ከቆሙት ትንንሽ በርሜል መሳይ ነገሮች ጥቂቱ አብጠው ፈንድተዋል። ማዘርቦርድ ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ሰፊ ሰሌዳ ነው። እሱ ሞቷል። የተማሪውን ውጤት የያዘው ሃርድ ዲስክ ግን ደህና ነው።

ነገሩን ከባድ ያደረገው የወላጆች ቀን መድረሱ ነው። የውጤት ካርድ የሚያትምልንን ፕሮግራም የሠራው ወደ አንበሳሜ የተዛወረ መምህር ነው። የመጫኛው ቅጂ የትም የለም፤ ስንደውልለት «እኔም ጋ የለም፣ እግዜር ያውጣችሁ» አለን። ዲስኩ ፎርማት ከተደረገ፣ ማለትም ያለበት ሁሉ ከተጠረገ፣ ፕሮግራሙ አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ የዚያን ሁሉ ተማሪ ድምርና ደረጃ በእጇ የምትሠራው የሪከርድ ክፍል ሠራተኛዋ ናት።

«መምህር፣ እሱን ፎርማት ካረጋችሁት እኔንም አብራችሁ ፎርማት አርጉኝና ልረፍ» አለችኝ።

ላይብረሪው ጥግ አንድ የተረሳ ኮምፒውተር ነበር። ዲስክ የለውም፣ የኃይል ሣጥኑም ተቃጥሏል፤ ማዘርቦርዱ ግን ጤነኛ ነው። ቀላሉ መንገድ እሱን ወደ ሪከርድ ክፍል ወስዶ የጎደለውን ማሟላት ነበር። የንብረት ክፍሉን ኃላፊ ላስፈቅድ ሄድሁ።

«ሣጥኑ ላይ ቁጥር ተለጥፏል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ተለጥፏል።»

«የማን ነው ቁጥሩ?»

«የላይብረሪ።»

«እንግዲያ ከላይብረሪ አይወጣም። ቁጥር ያለው ንብረት ያለ ኮሚቴ አይንቀሳቀስም።»

«ውስጡ ያለው ማዘርቦርድስ?»

«እሱ ላይ ቁጥር አለ?»

«የለም።»

«ቁጥር የሌለው ነገር ምን አገባኝ? ውሰደው።»

ስለዚህ ሙሉውን ኮምፒውተር በበራቸው ማሳለፍ ክልክል ሆኖ፣ ልቡን አውጥቼ በፌስታል ይዤ በፊታቸው አለፍሁ። እጅ ነሡኝ።

መጀመሪያ ዲስኩን ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ ውጤቱን ሁሉ ገለበጥሁ። ይህን ሳያደርግ ብሎን የሚፈታ ሰው ተማሪዬ ከሆነ እጥለዋለሁ። ከዚያ የሞተውን ሰሌዳ ፈትቼ የላይብረሪውን ገጠምሁ፤ እንደ ዕድል የብሎኑ ቀዳዳዎች ተገናኙ። ዲስኩን መልሼ ሰካሁና ቁልፉን ተጫንሁ። የዊንዶውስ ምልክት መጣ። ወዲያው ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ጠፋ። እንደገና ተነሣ፣ እንደገና ሰማያዊ ሆነ።

በዚህ መሐል የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ሊያዩ መጡ። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢውም፣ ከቁሐር ሚካኤል የመጡ ሽማግሌ ገበሬ፣ የካርዱን ነገር ሊጠይቁ ደረሱ። ታዳሚ ሳገኝ ዝም ማለት አልችልም።

«አባቴ፣ ነገሩ እንደ በሬ ነው። አንዱ በሬ ቢሞትብዎ ሞፈርና ቀንበሩን አያቃጥሉም፣ አዲስ በሬ ያጠምዳሉ። አዲሱ በሬ ታዲያ መጀመሪያ ላይ...»

«አርሰህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያ በሬውን ተወውና ይኸን ሰማያዊ ነገር ንገረኝ። ምን እያለ ነው?»

«ዲስኩን ላገኘው አልቻልሁም እያለ ነው።»

«አጠገቡ ተኝቶ?»

«አጠገቡ ተኝቶ።»

«ፎርማት ይደረግ!» አሉ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ። ሠራተኛዋ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

ማዘርቦርድ ከዲስክ ጋር የሚነጋገርበት ስልት አለው። የሞተው በአንድ ስልት ይነጋገር ነበር፤ ዊንዶውስ የለመደው ያንን ነው። የላይብረሪው በሌላ ስልት ተዘጋጅቶ ከሆነ ዲስኩ አጠገቡ ሆኖ እንኳ አያገኘውም። የሞተውን ሰሌዳ ስልቱን አልጠይቀው ነገር፣ ሞቷል። ብዙዎቹ ግን ኤኤችሲአይ በሚባለው ነው የሚሠሩት። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዲሊት የሚለውን ቁልፍ ደጋግሜ መትቼ ባዮስ ወደሚባለው የማዘርቦርዱ ማዘጋጃ ገባሁ። እውነትም የዲስኩ ስልት ሌላ ነው። ኤኤችሲአይ አደረግሁት፣ አስቀምጬ ወጣሁ።

ምልክቱ መጣ። ሰማያዊው አልመጣም። በምትኩ መሣሪያዎችን እያዘጋጀሁ ነው የሚል ጽሑፍ መጣና ቁጥሩ በቀስታ ይወጣ ጀመር።

«ኸረ ሚካኤል፣ ኸረ ሚካኤል» አለች ሠራተኛዋ።

«ቀስ ብለሽ ጥሪው» አሉ ሽማግሌው፤ «ከተነሣ መምህሩ እንዴት እንደተነሣ ሊያስረዳን ነው።»

ተነሣ። ፊደሉ ሁሉ እንደ ጡብ ገዝፎ፣ ድምፅ የለው፣ ኢንተርኔት የለው፤ አዲሱን ሰሌዳ ገና አላወቀውማ። የሰሌዳውን ማስተዋወቂያ ፕሮግራሞች ከፍላሽ ጫንሁለት፤ ፊደሉም ወደ ልኩ ተመለሰ። ማውዙን ከእጄ ላይ ነጥቃ የካርዱን ፕሮግራም የከፈተችው ራሷ ሠራተኛዋ ናት። ተከፈተ። ውጤቱ አለ፣ ደረጃው አለ።

ከስክሪኑ ጥግ ግን አንዲት ደብዛዛ ጽሑፍ ነበረች። ማዘርቦርዱ ስለተቀየረ ዊንዶውስ «ይህ ያው ኮምፒውተር ነው ወይስ ሌላ?» ብሎ ተጠራጥሮ የፈቃድ ቁጥሩን ይጠይቃል። ይህንኑ ላስረዳ አፌን ስከፍት የላይብረሪው ኃላፊ ገባ።

«ማዘርቦርዴ እዚህ ነው አሉ!»

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ፊታቸው ተለወጠ። ሣጥኑን አዩት፣ ቁጥሩ የሪከርድ ክፍል ነው። ውስጡን አዩት፣ የላይብረሪ ነው። «ታዲያ ኮምፒውተሩ የማን ነው?» አሉ። የዊንዶውስ ጥያቄ ነው እንግዲህ። ዊንዶውስ ግን እየጠየቀም ቢሆን ያሠራል፤ እሳቸው «አጣሪ ኮሚቴ እስኪቋቋም ተፈትቶ ይቀመጥ» ብለው ፈረዱ።

«ጋሼ፣ የወላጆች ቀን እኮ...» አለች ሠራተኛዋ።

ሽማግሌው ወደ ንብረት ክፍሉ ኃላፊ ዞሩ። «አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ምን ያደርጋል?»

«መቀናጆ ይፈልጋላ። ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር አጣምዶ በተራ ያርሳል።»

«ዲስክ የእሷ፣ ሰሌዳ የእሱ። ይቀናጁ። ዘር ከደረሰ ደግሞ የተጠመደ በሬ አይፈታም። ቀድሞ የእሷ ይታረስ።»

እኔ በሬ ስጠቅስ የከለከሉኝ ሰው ናቸው!

ፍርዱ ጸና። ሠራተኛዋ ካርዱን አትማ ጨረሰች፤ ወላጆችም በቀኑ ተረከቡ። ቁጥር ያለው ሣጥን ስለማይንቀሳቀስ አሁን የላይብረሪው ኃላፊ ከሰዓት በኋላ የመጽሐፍቱን ዝርዝር አቅፎ ወደ ሪከርድ ክፍል ይመጣል፣ ተራውን ያርሳል። ዊንዶውስም የፈቃድ ቁጥሩን ሳስገባለት ታረቀ። አጣሪ ኮሚቴው ግን ተቋቁሟል፤ እስካሁን እያጣራ ነው።

ማስረዳቴን ልጨርስ። እኔ ስልቱን በግምት አገኘሁት፤ እርስዎ ግን ኮምፒውተርዎ ገና በሕይወት ነው። እባክዎ ዛሬ ሲያስነሡት ወደ ባዮስ ይግቡ፤ ዲስኩ በየትኛው ስልት እንደሚሠራ ይዩ፤ ምንም ሳይቀይሩ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ይውጡ። አሁኑኑ ይሞክሩት።