ትርፍ ራጅ

እህቴ ዕድሜዋን የጨረሰችው ሐኪሞች ለምን ያን ሁሉ ምርመራ እንደሚያዙ በማጥናት ነው። ያኔ ሐኪም የሚከፈለው ባዘዘው ምርመራ ልክ ስለነበር፣ ጥርሱን ያመመው ሰው እንኳ ደረቱን ራጅ ሳይነሳ አይወጣም ነበር። እሷ ይህን አጋለጠች። ለሐኪም በታካሚ ቁጥር ቁርጥ ያለ ክፍያ ይሰጠው፣ የምርመራውም ወጪ ከዚያው ላይ ይቀነስበት አለች፤ መንግሥትም ተቀብሎ ሕግ አደረገው። እናታችን ደስታዋን አልቻለችውም። ላገኘችው ጎረቤት ሁሉ "ሕጉን ያወጣችው የኔ ልጅ ናት" ትል ነበር።

ከዚያ እማዬን ሳል ያዛት። የሰፈራችን ሐኪም ክረምቱን ሙሉ ሽሮፕ እያስያዘ መለሳት። ደም ስትተፋ ሌላ ቦታ ወስደን ራጅ አስነሳናት፤ ሳንባዋ አልቋል።

እህቴ እኔን አስከትላ ሐኪሙ ክፍል ዘው አለች። "ምን ነበረበት አንድ ራጅ ብታዝላት?"

ሰውየው ቀና ብሎም አላያት። "ከራሴ ኪስ? አብዛኛው ራጅ ትርፍ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

በጥፊ ላጮለው እጄን ሳነሳ እህቴ ጎትታ አወጣችኝ።

ቤት ስንገባ እማዬ በዚያች በተቆራረጠች ትንፋሿ ጠያቂዎቿን ታጫውታለች። "ሕጉን ያወጣችው" አለች ወደ እህቴ እየጠቆመች፣ "ይቺ ናት።"