ገመድ ሳይታሰር

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት «መርከቧ ደረሰች» ብሎ መናገር ያስቆጣ ነበር። መርከብ ደረሰች የሚባለው የመጨረሻው ገመዷ ከታሰረ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት አፍንጫዋ የወደቡን ድንጋይ ቢነካ እንኳ «እየመጣች ነው» ነው የሚባለው። ሕጉን ያወጣው የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ጌታሁን ነው።

የምንኖረው አሰብ ነበር። ጋሼ ጌታሁን የወደቡ ማማ ላይ ተቀምጦ በሬዲዮ አንቺ ግቢ፣ አንቺ ቆዪ የሚል ሰው ነበር። አባቴ ደግሞ ታች ሆኖ ከመርከብ የሚወረወረውን ገመድ እየተቀበለ ያስራል። ወደባችን ትንሽ፣ መግቢያዋም ጠባብ ነበረች፤ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ጭነት የከበዳት መርከብ ውሃው ሞልቶ ሳለ ካልገባች ሆዷ አሸዋ ይነካል። ለዚህ ነው ሁሉም በተራ፣ ሁሉም በልክ የሚሆነው።

ያኔ የቀኑ ቃጠሎ በረድ ሲልልን፣ ግቢው ውስጥ ሰሌን ተነጥፎ፣ አባቴ ዓሣ የሚጠብስበት ፍም ሳይከስም፣ ፋኖሱ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ፣ በጢሱ ዓይናችን እያነባ ተረት እንሰማ ነበር። የጋሼ ጌታሁን ተረት ጅብና አንበሳ የለበትም፤ ሁሉም መርከብ ነው።

«አንዲት ስንዴ የጫነች ወይዘሮ መርከብ ነበረች» ይላል። «ደጁ ጠባብ ነው፣ ውስጥ ያለችው እስክትታሰር ቆዪ ቢሏት፣ የእኔ ቢጤ ደጅ አይጠናም ብላ ገባች። ውሃው ቀስ ብሎ ከሥሯ ወጣ። እመቤቲቱ አሸዋ ላይ ቁጭ! ሸርጣኖቹ መጥተው፣ እንደምን ዋሉ እሜቴ፣ ምነው ያለ ወንበር?»

እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። አባቴ ዓሣውን እያገላበጠ «ማማ ላይ ሻይ ሲጠጣ የሚውል ሰው ተረት አያልቅበትም» ይለዋል።

«አንተ ገመድህን ያዝ!» ይላል ጋሼ፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ወንድማማች ሲዋደድ እንደዚያ ነው ብዬ አምን ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት መርከብ እየታሰረች ነበር። ውጭ ደግሞ ሌላ ከባድ መርከብ ቆማ ትጠብቃለች፤ ካፒቴኗ በሬዲዮ ይጮኻል። ውሃው መሸሽ ጀምሯል፣ አሁን ካልገባች እንደገና እስኪሞላ ልትቆም ነው። ጋሼ ጌታሁን ከማማው ቁልቁል አየ። የፊቶቹ ገመዶች ታስረዋል፣ ከኋላ የታሰረው ግን አንድ ብቻ ነው። «ደረሰች» አለ። ውጭ ያለችውንም «ግቢ» አላት።

ከባድ መርከብ በጠባብ ውሃ ስታልፍ ውሃውን ወደ ራሷ ትስባለች፤ ውሃው ደግሞ ዳር የቆመችውን ይዞ ይሄዳል። እየታሰረች የነበረችው መርከብ ኋላዋ ከድንጋዩ ሸሸ፤ ክብደቷ ሁሉ በዚያች በአንዷ ገመድ ላይ ወደቀ። ገመዱ ተበጠሰና ተወርውሮ አባቴን ደረቱ ላይ መታው። ይህን ለእናቴ የነገራት አብሮት ያስር የነበረ ሰው ነው፤ ሬዲዮ በእጁ ስለነበር የጋሼን ድምፅ በጆሮው ሰምቷል። አባቴ በእግሩ ወጥቶ በሰው ትከሻ ተመለሰ።

አለቆቹ መረመሩና ጥፋቱ የገመዱ ነው፣ አርጅቶ ነበር አሉ። ገመድ አፍ የለውም። ጋሼ ጌታሁን አፍ ነበረው፤ ዝም አለ።

በአርባው መጣ። እናቴ እህል አቀረበችለት፤ እኔ ብሆን አላቀርብለትም ነበር። ታናሽ እህቴ ምን ታውቃለች፣ ጉልበቱ ላይ ወጥታ «ጋሼ፣ የመርከብ ተረት» አለችው። ፍሙን አየና ከጉልበቱ አወረዳት። «ተኚ» አላት። ከዚያ በኋላ እኛ ቤት ተረት አልተነገረም።

ዛሬ ጆሃንስበርግ ነኝ፤ ሜይፌር እኖራለሁ፣ ፎርድስበርግ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ትምህርት ብዙ አልገፋሁም፣ ዳዊት ግን እደግማለሁ። ማታ ሎድሼዲንግ ሆኖ መብራት ሲቋረጥና ሰፈሩ ሲጨልም የጋዝ ፋኖስ አበራለሁ፣ ልጆቼም ይከቡኛል። የምነግራቸው የወይዘሮዋን መርከብ ነው፤ ሌላ አላውቅም። ሸርጣኖቹ ጋ ሲደርስ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም።

ትልቋ ልጄ ሰላም ከፍ ስትል የአያቷን አሟሟትም ነገርኳት። «ኢሽ፣ አባ! ሁልጊዜ ቆዪ የሚል ሰው ያን ቀን ምን አስቸኮለው?» አለችኝ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስጠይቅ የኖርኩት ይህንኑ ነው።

አምና ከአዲስ አበባ ተደወለልኝ። ጋሼ ጌታሁን አልጋ ላይ ነው፣ ድምፅህን ልስማ ይላል አሉኝ። የሱቁን በር መለስ አድርጌ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዝኩ።

«ልጄ፣ ያላችሁበት አገር ባሕር አለው?» አለኝ።

«እኛ ያለንበት ከተማ የለውም፣ ጋሼ።»

«ደግ ነው» አለ።

ጠበቅሁ። ያቺን አንዲት ቃል ጠበቅሁ። የሚሰማኝ ትንፋሹ ብቻ ነበር። አንዲት ደንበኛ በሩን ገፋ አድርጋ «ሳውቦና፣ ማይ ፍሬንድ» ብላ ሰላምታ ሰጠችኝ፤ ዞር ብዬ ስመለስ መስመሩ ተቋርጧል። በሳምንቱ መርዶው መጣ።

ከእርሱ የቀረኝ ተረቱና ሕጉ ነው። የአባቴን ነፍስ የበላው የዚያችው ሕግ መሰበር ነው፤ ይህን ሳስብ ምራቄ ይመርረኛል። የንስሐ አባቴ ይቅር በል ብለውኛል። አባታችን ሆይ ስል የበደሉንን ይቅር ስለማለት የሚለውን አልዘልም፣ ድምፄ ግን እዚያ ጋ ይወርዳል። ሰላም ሰምታኝ ኖሮ በቀደም ፋኖሱን ሳጠፋ ጠየቀችኝ።

«አባ፣ ጋሼ ጌታሁንን ይቅር አልከው?»

እግዚአብሔር እየሰማኝ መዋሸት አልቻልኩም።

«እየመጣሁ ነው» አልኳት።