የካናዳው ሰባት ቤት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ልጄን ቤቴልን ሽማግሌ ሊጠይቃት በመጣ ጊዜ ነው። ቤታችን ውስጥ ዛሬም ይሳቅበታል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ግን ከልቤ አይደለም።

የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄን የጠየቀው ኦብሳም የአካባቢው ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ሕንፃው ሳይሠራ እዚሁ ያርሱ የነበሩ ኦሮሞዎች ናቸው። ጨዋ ነው፣ ሥራ አለው፣ ጌታን ይወዳል፤ ምን ይወጣለታል? ያስጨነቀኝ አያቱ ናቸው። ኦቦ ገመዳ የሁለታችንም ዘር እስከ ሰባት ቤት ካልተቆጠረ ጋብቻ የሚባል ነገር የለም ብለዋል።

የእኔ ዘር ደግሞ አባቴ ላይ ያልቃል። አባቴ ተፈራ ወላጆቹን በሕፃንነቱ አጥቶ ያሳደገው ከካናዳ የመጣ፣ ሜኖናይት የሚባሉት ፕሮቴስታንቶች ሚሲዮን ሐኪም የነበረ ሔንሪ የሚባል ሰው ነው። ትምህርት ቤት ሲገባ የአባት ስም ተጠየቀና ተፈራ ሔንሪ ተብሎ ተመዘገበ። እኔም በየቢሮው "ክልስ ነህ እንዴ?" ስባል ኖርኩ። መልኬን ለሚያይ ሰው ጥያቄው ሹፈት ነው።

ባለቤቴ መላ አመጣች። ቤቴል ካናዳ ያሉ የሔንሪን ዘመዶች በኢንተርኔት ፈልጋ አገኘችና ጻፈችላቸው። ለካ እነዚህ ሰዎች ዘር መፈለግ ሱሳቸው ነው! ከሆላንድ ወደ ፕራሻ፣ ከዚያ ዩክሬን፣ ከዚያ ካናዳ ሲሰደዱ የተሳፈሩበትን መርከብና የያዙትን መሬት ሳይቀር ከየመዝገቡ ለቅመው አስቀምጠዋል። የገዛ አያቴን ስም አላውቅም፤ የሔንሪ ቅድመ አያት ስንት ላም እንደነበረው ግን አወቅሁ።

"በቃ እሱን ቁጠር። ማን ካናዳ ድረስ ሄዶ ያጣራል?" አለችኝ ባለቤቴ። ኦሎምፒያ ቢሮዬ እስክደርስ ታክሲ ውስጥ ስሸመድድ ሰነበትኩ።

ቀኑ ደረሰ። ኦቦ ገመዳ የራሳቸውን ዘር ውሃ እንደሚጠጣ ሰው ቆጠሩና ወደ እኔ ዞሩ። ራሴን አንድ ብዬ ተፈራ አልኩ። ሔንሪ ስል ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ያኮብ ብዬ ዲርክ ላይ ስደርስ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ላብ አጠመቀኝ። ኦቦ ገመዳ ሰዎቹ የየት አገር ናቸው ብለው ሲጠይቁኝ መዋሸት አቃተኝ።

"የሥጋ ዘሬ አይደሉም አባባ" አልኩ። "አባቴን ያሳደጉት ናቸው። የሥጋውን አላውቀውም።"

ባለቤቴ አንገቷን ደፋች። የልጄን ትዳር በአፌ አፈረስኩት ብዬ አሰብኩ።

"ታዲያ ጉዲፈቻ ነዋ!" አሉ ኦቦ ገመዳ። "እኛ ዘንድ ጉዲፈቻ የገባ ልጅ ዘሩ ያሳደገው ሰው ዘር ነው። ምን ያሳፍርሃል? ከዲርክ ቀጥል።"

ከዲርክ በኋላ ያለው ከድንጋጤ የተነሳ ጠፋብኝ። ስልኬን ላወጣ ስል ዘር ከልብ ነው የሚቆጠረው ብለው ከለከሉኝ። በስንት መከራ ኮርኔሊየስንና ክላስን አስታውሼ ጨረስኩ። ሰዎቹ ከሆላንድ ተነስተው ካናዳ እንደደረሱ ስነግራቸው ኦቦ ገመዳ ለምን እንዲህ ከአገር አገር እንደዞሩ ጠየቁኝ። ጦር መሣሪያ አንይዝም ስላሉ በየሄዱበት ተነሱ ይባሉ እንደነበር ነገርኳቸው። በመስኮቱ ሕንፃዎቹን አይተው፣ እኛም ከመሬታችን ተነሱ ስንባል መሣሪያ አልያዝንም ነበር አሉ። ከዚያ ኮስተር ብለው በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ምንም ዝምድና እንደሌለ አስታወቁ። ክላስ ከእነ ኦቦ ገመዳ ጋር እንደማይዛመድ እኔም ብሆን እምል ነበር።

ምርቃቱ አልቆ ስሸኛቸው ደረጃው ላይ ቆም አሉ።

"አባትህ ያ ከዘራ ይይዝ የነበረው ተፈራ ነው? ታች አብረን ፀሐይ ስንሞቅ ነበር እኮ። ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳይነግረኝ?"

አባቴ የሰው ስም ተውሼ ነው የኖርኩት እያለ አፍሮ ነው የሞተው። ሠርጉ አምሮ አለፈ፤ ልጄም ደስተኛ ናት። እኔን ግን ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። "ስሙ ያንተው ነው" ሊሉት የሚችሉ ሰው በየጠዋቱ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር።