በባትሪ ያየሁት ሸክላ

ጋሽ ተካ ሙዚቃ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የቀመስኩት ጥፊ ነው። ኮልፌ ውስጥ፣ ከአጠና ተራ ዝቅ ብላ ያለች ጠባብ ሱቅ ነበረች። ፊት ለፊት ካሴት ይሸጣል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሸክላ ተደርድሯል። ጋሽ ተካ አንዱን ሸክላ ከሽፋኑ አውጥተው "ያዝ" አሉኝ። እንደ ዳቦ ጨብጬ ያዝኩት። እጄን ጧ አደረጉና "የጣት ላብ ዘፈን ይበላል! በጠርዙና በመሃሉ ወረቀት ብቻ ነው የሚያዘው" አሉኝ።

በዚያው ዕለት የተቀጠረ ሌላ ልጅ ነበር። ደሳለኝ ይባላል፤ ሁላችንም ደሱ እንለዋለን። ለእሱም ሰጡት። ጠርዙን በሁለት መዳፎቹ መሃል አድርጎ ቀስ ብሎ ተቀበላቸው። ማን አስተማረው? ማንም! "ጎበዝ" ተባለ፤ እኔ እጄን እያሸሁ ቆሜ አያለሁ። ቅናቴ የጀመረው ያኔ ነው፤ ይኸው ሸብቼም አልለቀቀኝም።

ጋሽ ተካ ነፍሳቸው ጃዝ ነበር። ሸክላ ማንበብ ያስተማሩኝም በጃዝ ነው። በመጨረሻው ዘፈንና በመሃሉ ወረቀት መካከል ባዶ ቀለበት አለ፤ ፋብሪካው እዚያ ላይ ቁጥርና ፊደል ይጭርበታል። የመጀመሪያውን እትም ከዓመታት በኋላ በድጋሚ ከታተመው የሚለየው አንዱ ነገር ያ ነው። ቀጥሎ ወረቀቱ ይታያል። በአንዳንድ የድሮዎቹ ላይ ጥፍር የሚይዝ ክብ ስርጉድ አለ። የአሳታሚው አድራሻም ይነበባል፤ ኩባንያው ቢሮ ከቀየረ በኋላ የታተመ ከሆነ አድራሻው ራሱ ያጋልጠዋል። ከዚያ ክብደቱ፣ የጠርዙ ውፍረት፣ የሽፋኑ ካርቶን ይታያል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይሉ ነበር ጋሽ ተካ።

እኔ ጠረጠርኩ። በሸሚዜ ኪስ ትንሽ የእጅ ባትሪ መያዝ ጀመርኩ፤ ሸክላውን ዘንበል አድርጌ ጭረቱን እያበራሁ አነባለሁ። ደሱ አንዱንም አልተማረም። መርፌውን ያስቀምጥና ዓይኑን ይጨፍናል፤ በቃ ሥራው እሱ ነው። ደንበኛ የሚወደው ግን እሱን! ይህን ሳይ ቆሽቴ እርር ይል ነበር።

አንድ ቀን ዓለም ባንክ ሰፈር ካፌ የከፈተ ሰውዬ ሸክላ ታቅፎ መጣ።

"ይህ የጥንት ነው፣ ኦሪጅናል" አለን።

"ጌታዬ፣ ሽፋኑ ጀርባ ላይ ያለው ባር ኮድ ነው" አልኩት። "ይህ ሙዚቃ መጀመሪያ ሲወጣ ባር ኮድ የሚባል ነገር አልነበረም። በቅርቡ በድጋሚ የታተመ ነው።"

ሰውዬው ፊቱ ጠቆረ። ደሱ ግን ሸክላውን ተቀብሎ አጫወተው። "ድምፁ ግን አንጀት ያርሳል፤ ካፌዎ ውስጥ ቢከፍቱት ሰው አይነሳልዎትም" አለው። ሰውዬው ስቆ ሌላ ሦስት ሸክላ ገዛ፤ ከደሱ እጅ። ሲወጣ ለእኔ ቻውም አላለኝ።

ጋሽ ተካ ሲያርፉ ሱቁ ተዘጋ። እኔ ኮልፌ ቤቴ ውስጥ፣ ደሱ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ በየግላችን ሸክላ መግዛትና መሸጥ ቀጠልን። እየተደዋወልን እንሠራለን። ጓደኛዬ ነው፤ እቀናበታለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ የፈለግኩት አንድ ሸክላ አለ። የአንድ አሜሪካዊ ሳክስፎን ተጫዋች ነው። ስሙን አልናገርም፤ ፈላጊው በዝቷል። በድጋሚ የታተመው ደጋግሞ እጄ ገብቷል። የመጀመሪያው እትም ግን ቀራንዮ ሰፈር፣ እትዬ ብዙነሽ የሚባሉ ሴትዮ ቤት ተገኘ።

ባለቤታቸው አቶ ሽፈራው ሆቴል ውስጥ ሳክስፎን ሲጫወቱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ሲሞቱ ሸክላዎቻቸው በሳጥን ቀሩ። እትዬ ብዙነሽ ያንን ሸክላ ሲያወጡልኝ ሽፋኑ ጥግ ላይ ውሃ የነካው ምልክት ነበረበት። ባትሪዬን አበራሁ። ጭረቱ በእጅ የተጫረ ነው፤ ስርጉዱ አለ፤ አድራሻው የድሮው ነው። ደስታዬን እየደበቅኩ ገለበጥኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከአንዱ ዘፈን መሃል፣ ጣት የማይሞላ ቦታ ግራጫ ሆኗል፤ መርፌ ደጋግሞ የበላው ነው።

"እትዬ፣ እዚህ ጋ ተበልቷል" አልኳቸው። "ማን እንደያዘው እንጃ እንጂ ዋጋውን ገድሎታል።"

ገዢ እንዲህ ነው የሚለው። ነውር አይደለም፤ ሁላችንም እንላለን።

"እሺ ልጄ" አሉና ሸክላውን ወደ ሽፋኑ መለሱት።

"ይሸጡልኛል?"

"እስቲ እናያለን።"

ሁለት ዓመት ተመላለስኩ። በዓል ሲመጣ ስኳር ይዤ እሄዳለሁ፤ ጣሪያቸው ሲያፈስ ቆርቆሮ መታሁላቸው። በሄድኩ ቁጥር "ያችን ሸክላ አንድ ጊዜ ልያት" እላለሁ፤ ያወጡልኛል፤ አበራለሁ፤ አነባለሁ፤ እመልሳለሁ። "እስቲ እናያለን" ይሉኛል። በዚህ መሃል አንድ ቀን ለደሱ እንዲህ ዓይነት ሴትዮ አሉ ብዬ አመለጠኝ። ለሰው ሞት አነሰው!

ባለፈው ክረምት ደሱ ቤቴ መጣ። ፌስታል ይዟል። "አንድ ነገር በባትሪህ እይልኝ" አለኝ። ሲያወጣው ጥጉ ላይ ያለችውን የውሃ ምልክት አየሁ።

"ከየት አመጣኸው?"

"እትዬ ብዙነሽ ሰጡኝ።"

"በስንት ሸጡልህ?"

"አልሸጡልኝም። ሰጡኝ።"

ድብን አልኩ። ባትሪዬን አበራሁና፣ በማርያም እውነቴን ነው፣ በድጋሚ የታተመ እንዲሆን ጸለይኩ። ሁለት ዓመት ያነበብኩትን ሸክላ! ጭረቱን በቃሌ የማውቀውን! ዓይኔ ተሳስቶ ቢሆን ብዬ ወረቀቱን በጥፍሬ ዳሰስኩ። ስርጉዱ እዚያው ነው። አድራሻው እዚያው ነው።

"ምን አድርገህ ነው የሰጡህ?" አልኩት ባትሪውን ሳላጠፋ።

"ምንም። ማጫወቻቸው ከተበላሸ ቆይቷል አሉኝ። የእኔን በታክሲ ተሸክሜ ሄጄ አጫወትኩላቸው።"

"ከዚያስ?"

"ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ቦታ አለ፤ ይንጫጫል፣ ከስሩ ግን ሳክስፎኑ ይሰማል። 'እትዬ፣ እዚህ ጋ ሰው ተምሮበታል' አልኳቸው። ሳቃቸው መጣ። 'ሽፈራው ነው' አሉኝ። 'መርፌዋን እያነሳ እዚያችው ላይ ይመልሳት ነበር፤ ዜማዋን በራሱ ሳክስፎን እስኪያወጣት ድረስ። ጎረቤቱ ሁሉ ይረግመን ነበር' አሉ።"

ደሱ ትንሽ አመነታና ጨመረ።

"'ያ ባትሪ የሚይዘው ልጅ ግን ዋጋውን ገድሎታል አለኝ' አሉ።"

ሁለት ዓመት ስኳር ተሸክሜ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቼ፣ ለእሳቸው ስሜ ባትሪ የሚይዘው ልጅ ነው። ያን ግራጫ ቦታ ከደሱ በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። ስፋቱን አውቃለሁ፤ የትኛው ዘፈን ላይ እንዳለ አውቃለሁ። የሰውዬው ሥራ ሳክስፎን መጫወት መሆኑንም አውቃለሁ። ሁለቱን አላገናኘኋቸውም። ያቃጠለኝ ይህ ነው፤ ሸክላውን የማጣቴ ንዴት ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

"ታዲያ ኦሪጅናል ነው?" አለኝ ደሱ።

አይደለም ብዬ ብነግረው ያምነኛል። ሕይወቱን ሙሉ እኔን ሲያምን ነው የኖረው።

"ኦሪጅናል ነው" አልኩት። ባትሪውን አጠፋሁ።

"ጥሩ። ቢሆንም ባይሆንም አልሸጠውም" አለ። "ቅዳሜ ቅዳሜ እየወሰድኩ አሰማቸዋለሁ ብያለሁ። ማጫወቻው ይከብዳል፤ አብረኸኝ ትይዛለህ?"

ያዝኩለት። ከዓለም ባንክ ቀራንዮ ድረስ ማጫወቻውን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ሄድኩ። እትዬ ብዙነሽ "ደሱ፣ ናልኝ" ብለው ከበር ተቀበሉት፤ ለእኔ "አንተም መጣህ?" አሉኝ። መርፌው የተበላው ቦታ ሲደርስ ሴትዮዋ ቀና አሉና ፈገግ አሉ። ያዩት ደሱን ነው። እዚያም ተቀምጬ ቀናሁ።

ለዚህ ሥራ አዲስ የሆናችሁ፣ ጭረት ማንበብ ተማሩ፤ ያለሱ ሥራው የለም። የተበላ ቦታ ስታገኙ ግን ዋጋ ከመቀነሳችሁ በፊት ማን እንደበላው ጠይቁ።