ኦኬሎ እጁን አላወጣም

ልጅ ሳለሁ እጅ አውጥቶ ድምፅ መስጠት የሚባለው ነገር አንገሸገሸኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ስብሰባ ረዝሞ ሰብሳቢው «እስቲ በድምፅ እንለየው» ሲሉ ሌላው ሰው እፎይ ይላል፤ እኔ አንጀቴ ብግን ይላል። ለምን እንደሆነ ብነግራቸው ይስቁብኛል እንጂ ሌላ ምን ይፈይዳል? ነገሩ የአንድ ተረት ጉዳይ ነው፤ ያውም ወንዝ መሃል ተቋርጦ የቀረ ተረት።

ያኔ የምንኖረው ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር፣ ብዙ ቤተሰብ ተከራይቶ በሚኖርበት አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበር። አባቴ መምህር ነበር፤ ከደሴ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ቀረ። ከእኛ ቀጥሎ ባለችው ክፍል ጋሼ ሙላት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጋሼ ሙላት የጎጃም ሰው ናቸው፤ ጤና ጣቢያ መርፌ ሲወጉ ስለሚውሉ ቀን ቀን ስናያቸው እንሸሻለን፣ ሲመሽ ግን እንከባቸዋለን። ሙቀቱ ቤት ስለማያስቀምጥ ማንጎው ሥር ሰሌን ተነጥፎ፣ ለቢምቢ ተብሎ የኒም ቅጠል ፍም ላይ ተጥሎ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ መብራት በጠፋበት ማታ (መቼ ነበረና!) ኩራዟ አጠገባቸው እየተርገበገበች፣ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው ይጀምሩልናል። ከዚያ የሚበልጥ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ተረቱን ያመጡት ከጎጃም ነው። እዚህ ሲደርስ ግን ጅቡ አዞ ሆነ፣ ገደሉም ባሮ ሆነ። ኛዳክ የምትባል ጓደኛዬ ነበረች፤ ለትምህርት ከኑዌሮች አገር ከማታር መጥታ አክስቷ ዘንድ የምትኖር፣ አዞን ከእኛ ሁሉ አሳምራ የምታውቅ። እሷ ዝም ብላ ትሰማለች ብላችሁ ነው? ጋሼን ታርማቸዋለች እንጂ። አዞ ቀትር ላይ እንደዚያ አይንጎራደድም፣ አፉን ከፍቶ ይተኛል ትላለች። እሳቸውም «እሺ፣ ይተኛ» ብለው አዞውን አስተኝተው ይቀጥላሉ።

ከተረቶቹ ሁሉ አንጠልጥሎ የያዘን የአንዲት እናት ተረት ነበር። ወንዙ በድንገት ሞልቶ ልጇ ማዶ ይቀርባታል። አዞ ብቅ ይልና አሻግርሻለሁ፣ ግን ጀርባዬ ከአንድ ሰው በላይ አይችልም ይላታል። መጀመሪያ አንቺን ወደ ልጅሽ፣ ቀጥሎ ልጅሽን ወደ ቤትሽ፣ በመጨረሻ አንቺን እመልሳለሁ፤ በመጨረሻው መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፣ እምቢ እንዳትይ። እሺ ትላለች፤ እናት አይደለች? ልጁ ተሻገረ። እሷ በአዞው ጀርባ መመለስ ጀመረች። ልጁ ዳር ቆሞ ያያታል። አዞው ወንዙ መሃል ሲደርስ ቆመ፣ አንገቱን አዞረና «አሁን ልጠይቅሽ» አላት። ጋሼ ሙላት እዚህ ላይ ሲደርሱ ተነሡና «የቀረው ለነገ» ብለው ገቡ። የዚያን ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ነገ ብሎ ነገር! ጋሼ ከተረት በፊት እንቆቅልሽ የግድ ነው ይሉ ነበር፣ ጆሯችሁ ይንቃ ብለው። አንዳችን «እንቆቅልሽ» ይላል፣ ሌላው «ምን አውቅልሽ» ይላል። ያላወቀ እንደ ወጉ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ መልሱን ይነግረውና ሌላ ይጠይቃል። አንድ እንቆቅልሽ እስኪፈታ ጠያቂው አይወርድም፣ ተረትም አይጀመርም። መልሱ ልክ ነው አይደለም የሚለውም ጠያቂው ነው። በዚህ ሕግ ስንት ማታ በሰላም አሳልፈናል።

በማግስቱ እኔ ጠየቅሁ፣ ጀማል አላወቀም። ጀማል የባለ ሱቁ ልጅ ነው፤ ነገር ሲሰነጥቅ የሚውል። ሳያስብ «ማታርን ሰጠሁሽ» አለኝ። ኛዳክ ከሰሌኑ ብድግ አለች።

«ማታርን ስጥ ያለህ ማን ነው? እናቴ እዚያ ናት» አለችው።

ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። ጭቅጭቁ ተነሣ፤ አገር መስጠት ጨዋታ ነው ይላል ጀማል፣ በእናቴ ቤት ጨዋታ የለም ትላለች ኛዳክ። ጋሼ ሙላት የክትባት ዘመቻ ላይ ውለው ደክሟቸው ስለነበር «በሉ እጅ አውጡ፤ ብዙው ያለው ይሁን» አሉ። እንግዲህ ጥፋቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ወባ ሲያክሙ የኖሩ ሰው ለልጆች ድምፅ ሰጥቶ ሰላም አገኛለሁ ብለው አሰቡ።

እጅ ወጣ፤ ማንም የሰውን አገር ባለአገሩ ሳይፈቅድ አይሰጥም ተባለ። በማግስቱ ጀማል ጅማን አልፈቅድም አለ። እኔም፣ ምን ይሳነኛል፣ ደሴን ከለከልኩ። ጋምቤላን ሁሉም ከለከለ። ባለአገሩ ግቢያችን የሌለን አገር ደግሞ የሚፈቅድ ሰው የለም። በጥቂት ቀን የሚሰጥ አገር ጠፋ። አገር ካልተሰጠኝ መልሱን ለምን እናገራለሁ ተባለ፤ እጅ ወጣ፣ አይናገርም ተባለ። ዘግይቶ የመጣ ድምፅ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? እጅ ወጣ። እንቆቅልሽ በአማርኛ ብቻ ነው ወይስ በየቋንቋችን? ኛዳክ በኑዌርኛ ልጠይቅ አለች፤ ደግ ነገር ነው ብለን እጅ አወጣን። እንዲህ ስንል ፍሙ አመድ ይለብሳል፣ እናቶቻችን ይጠሩናል፣ ሴትዮዋም ውኃ መሃል አዞ ጀርባ ላይ እንደተቀመጠች ታድራለች። ጋሼ ሙላት ራሳቸውን እየነቀነቁ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይላሉ። እኔ እበግናለሁ፤ አዞው የጠየቃትን ለማወቅ ምኔን በሰጠሁ።

በመጨረሻ ጀማል መላ መታ። ሕግ በየቀኑ መለወጡ ስለሰለቸን፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም እጁን ካላወጣ አንድም ሕግ አይለወጥ አለ። እኔ ደስ ብሎኝ ሁለት እጄን አወጣሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ሁላችንም ተስማማን። በዚያን ሰዓት ጠያቂው ኦኬሎ ነበር።

ኦኬሎ ከሁላችን ትንሹ ነው። እናቱ ገበያ ዓሣ ትሸጣለች፤ እሷ እስክትመለስ ጋሼ ሙላት ደጃፍ ላይ ነው የሚውለው። በግቢያችን አኙዋክኛ የሚችል ከእሱና ከእናቱ በቀር ልጅም አዋቂም አልነበረም። በአኙዋክኛ ጠየቀን። ማን ያውቃል? አንድ ማታ፣ ሁለተኛ ማታ ዝም አልን። በሦስተኛው እናቱን ለመንናት፤ «ቀኑን ሙሉ ባሮ ውስጥ ይውላል፣ አንድ ጉንጭ ውኃ አይዝም» ማለት ነው ብላ ተረጎመችልን፣ መረብ መሆኑንም እየሳቀች ነገረችን። ሮጠን ሄደን «መረብ!» አልነው። ኦኬሎ ራሱን ነቀነቀና አይደለም አለ። ምን ይባላል? ልክ ነው የሚለው እሱ፣ መልሱን የመናገር ግዴታ የለበትም፣ ሕጉ እንዲለወጥ ደግሞ የእሱም እጅ ያስፈልጋል። እጅ እናውጣ ስንል ኦኬሎ ሁለት እጁን ጭኑ ሥር ከትቶ ይቀመጥበታል። ለመንነው፣ ከረሜላ አመጣንለት፣ ጀማል ሊመታው ሁሉ ተነሣ። ንቅንቅ አላለም።

በዚህ መሃል ጋሼ ሙላት ጡረታ መውጣታቸውንና ወደ አገራቸው ሊገቡ መሆኑን ሰማን። በመጨረሻዋ ማታ ሻንጣቸው በገመድ ታስሮ በር ላይ ተቀምጧል፤ መኪናው ማለዳ ይመጣል። እንደ ወትሮው ማንጎው ሥር ተቀመጡ። እኔ ትዕግሥቴ አለቀና እንቆቅልሹን ተዉት፣ ዝም ብለው ይጨርሱልን አልኳቸው።

«ልጄ፣ እጃችሁን አውጥታችሁ የተስማማችሁበትን እኔ ሽማግሌው ላፍርሰው?» አሉኝ።

ሕጉ ለዛሬ ብቻ ይቀየር ተባለ፣ ሁላችንም እጃችንን ወደ ላይ ዘረጋን። ኩራዟ የእጆቻችንን ጥላ ግድግዳው ላይ ጥላዋለች። ኦኬሎ እጁ ላይ ተቀምጧል። አንገቱን ደፍቷል። አንተ ምን ዓይነት ልጅ ነህ ብዬ ጮህኩበት፤ እንባው ዱብ ዱብ አለ እንጂ እጁን አላወጣም። ጋሼ ሙላት ብድግ አሉና፣ እያንዳንዳችንን ጉንጫችንን ስመው ገቡ። ጧት ስነሳ ክፍሏ ባዶ ነበረች።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ማረፋቸውን ከአባቴ ሰማሁ። አለቀስኩላቸው፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ለአዞውም አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ መጨረሻውን ራሴ ልሠራው ስንቴ ሞከርኩ። አዞው ልጅሽን ስጪኝ አላት እላለሁ፣ ቀሪ ዕድሜሽን አላት እላለሁ፣ ለልጆቼም በየጊዜው ሌላ እነግራቸዋለሁ። አንዱም በጋሼ ሙላት ድምፅ አይመጣልኝም። ከዚያ ሁሉ ማታ ከእኔ ጋር የቀረው የኒም ጭስ ሽታና ወንዝ መሃል የቆመች ሴትዮ ናት።

በቅርቡ ባሮ ዳር ካለ ዓሣ ቤት ኦኬሎን አገኘሁት። ረጅም፣ ዝምተኛ ጎልማሳ ሆኗል፤ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ በአስተርጓሚነት ይሠራል። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሥራው ተጨዋወትን። እኔ ግን የሆዴን በሆዴ ይዤ አልችልም፤ ያን ማታ ለምን እጅህን አላወጣህም አልኩት። ለመሆኑ ታስታውሰዋለህ ብዬም አልጠየቅሁት። እሱም አላሰበም፣ እሾሁን ከዓሣው እየለቀመ መለሰልኝ።

«ሊሄዱ መሆኑን ከእናንተ ቀድሜ ሰምቼ ነበር፤ ተረቱ ሳያልቅ አይሄዱም ብዬ ነዋ።»

ያ የጥንቱ ብግነቴ ገንፍሎ መጣ። ታዲያ ይህን ያኔ አፍ አውጥተህ ብትናገር ምን ነበረበት፣ ስንት ዓመት ሙሉ ስረግምህ ኖርኩ አልኩት።

«ብናገር ድምፅ ትሰጡበት ነበራ» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ እንሰጥበት ነበር። ጋሼ ይሂዱ፣ ተረቱ ግን ይለቅ ተብሎ ከእሱ በቀር ሁሉም እጁን ባወጣ ነበር፤ የእኔም ከሁሉ ቀድሞ ይወጣ ነበር።